ቅብዐ መንግሥት፦ ሥልጣን ሰጪም ሥልጣን ገዳቢም



የዛሬው ንግግሬ «ሥዩመ እግዚአብሔር» በሚለው የነገሥታት ማዕረግ ላይ ያተኩራል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ንጉሥ ሥልጣኑን ከእግዚአብሔር ከተቀበለ፣ መንግሥትን እንደሚያዝዝ ቤተ ክርስቲያንንም ሊያዝዝ ይችላልን?

የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ፣ ንጉሥ ተጠያቂነቱ ለእግዚአብሔር ብቻ እንደ ሆነ ተከራክሮ ጽፏል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ሥልጣን ግን በሁለት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር፤ አንደኛው ከሰሎሞን የሚቆጠረው ዘር፣ ሁለተኛው ቅብዐ መንግሥት ነው። ዘሩን ንጉሡ ይዞት ይወለዳል፤ ቅብዐቱን ግን ከጳጳስ እጅ ይቀበላል። ጳጳሱም ለብዙ ዘመናት ከእስክንድርያ ተሾሞ የሚመጣ ግብፃዊ ነበር። ስለዚህ ቅብዐቱ ንጉሡን ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የቀቡትን ሰዎች ሃይማኖት እንዲጠብቅም ያስረዋል።

ይህ እስራት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተፈተነ። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. ገደማ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ የጎጃም ገዥ የነበሩት ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ቀድመዋቸው ነበር። የቀዳሚት ሰንበት ሥርዓት ሲነካ፣ ከአዴት በስተደቡብ ምዕራብ በዳሞት አገር ገበሬውና መነኩሴው ተነሣ፤ ኋላም ላስታ ሸፈተ። በ1624 ዓ.ም. ዐፄው የቀደመውን እምነት በአዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ያ ሕዝብ ንጉሥነትን አልካደም፤ ንጉሡን የመዘነው በተቀባበት ሃይማኖት ነው።

ጎጃም ሌላም ምስክር አለው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተዋሕዶ በቀር ሌላ ትምህርት እንዳይሰበክ ወሰኑ፤ በጎጃም ሥር የሰደደው የቅባት ትምህርት ግን በውሳኔው አልጠፋም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሚዛኑ ተለወጠ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስነትና የሥልጣናቸውን አይነኬነት በዘራቸውና በተቀቡት ቅብዐት አጸና፤ የጳጳሳትንም ምርጫ ለእርሳቸው ፈቃድ አስገዛ። በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ አገኘች። ይህ ለዘመናት የተናፈቀ ነጻነት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዙፋኑ ሥልጣን ውጭ የነበረው ቀቢ እጅ አብሮ ቀረ።

ዋጋው በኋላ ታየ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የተቀባው ንጉሥ ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያንን የማዘዝ ልማድ ግን ያለ ቅብዐትና ያለ መሐላ ቀጠለ።

እንግዲህ የመለኮታዊ ሥልጣንን ታሪክ ስንመረምር፣ ንጉሡን ማን ቀባው ብለን ብቻ አንለፍ፤ ቀቢው ንጉሡን «ተው» ለማለት ይችል ነበርን ብለንም እንጠይቅ።