ብረት ለበስና ፀረ-ታንክ፤ ከደምበጉና እስከ አፋቤት

በጌይተርስበርግና በሲልቨር ስፕሪንግ በምናደርጋቸው ውይይቶች ጦርነት በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ያሸንፋል የሚባለው የታንኩ ብረት ነው ወይስ የሚበሳው ጥይት? ጥያቄው የባለሙያ ይመስላል። በመሠረቱ ግን ፖለቲካዊ ነው፤ መልሱንም ከአገራችን ተጨባጭ ታሪክ ማግኘት ይቻላል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ሽሬ ውስጥ ደምበጉና ላይ የፋሺስት ኢጣልያን ትንንሽ ታንኮች ገጠመ። ሲቪ-33 የተባለው ይህ ታንክ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ የብረቱ ውፍረት ከ15 ሚሊሜትር አይበልጥም። ቢሆንም የዘማቹ ጠመንጃ አይበሳውም ነበር። ዘማቾቹ ግን መትረየሱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይዞር አስተዋሉ። ከጎንና ከኋላ እየዘለሉ ወጡበት። ፀረ-ታንክ መሣሪያ ያልነበረው ሠራዊት ታንክ ማረከ።

ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ብዙ ተራምዷል። የአር.ፒ.ጂ.-7 ተተኳሽ ብረት የሚበሳው ብዙዎች እንደሚያስቡት አቅልጦ አይደለም። ፈንጂው ፊት በመዳብ የተለበጠ ሾጣጣ ጉድጓድ አለ። ሲፈነዳ መዳቡ ተጨፍልቆ በሰከንድ ብዙ ኪሎሜትር የሚምዘገዘግ ቀጭን ዘንግ ይሆንና ብረቱን እንደ ጭቃ ወደ ጎን ገፍቶ ያልፋል። (ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ያጠናው ቻርልስ መንሮ ኋላ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ዛሬ ጆርጅ ዋሽንግተን በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምሯል።) የመጀመሪያዎቹ ተተኳሾች 260 ሚሊሜትር ያህል ይበሳሉ። የቲ-55 ታንክ የግንባሩ ብረት በወፍራሙ በኩል 200 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የጎኑ 80 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1973 የግብፅ እግረኛ ወታደር በዚሁ መሣሪያና በሽቦ በሚመራው ማሊዩትካ ሚሳይል የእሥራኤልን ታንኮች ሲና ላይ አነደደ። ብረት ሠሪው በታንኩ ላይ ፈንጂ የያዘ ሳጥን ለጠፈ፤ ጥይት ሠሪው ድርብ ፈንጂ አበጀ። ጃቭሊን የተባለው የአሜሪካ ሚሳይል ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ብረቱ ስስ የሆነውን አናት ይመታል። ሁለቱም ነጋዴዎች ይከፈላቸዋል።

ሐቁን በግልጽ ያሳየው ግን አፋቤት ነው። በየካቲት 1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የናደው እዝን አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸነ። ወር ገደማ ቆይቶ መጋቢት 8 ቀን ሻዕቢያ ማጥቃት ጀመረ። ወደ አፋቤት የሚያፈገፍገው የታንክና የመኪና ሰልፍ አድ ሽሩም ከተባለው ጠባብ በር ደረሰ። ከፊት ያሉት ታንኮች ተመትተው መንገዱን ዘጉ። የኋለኞቹ ወደ ፊት እንዳይሄዱ እሳት፣ እንዳይዞሩ ገደል ሆነባቸው። ያን ጊዜ ግንባራቸው 200 ሆነ 500 ሚሊሜትር ልዩነት አልነበረውም። በመጨረሻም ደርግ ታንኮቹ እንዳይማረኩ ብሎ የገዛ ራሱን ሰልፍ በአውሮፕላን ደበደበ። ከሻዕቢያ ጥይት የተረፈው ወታደር በመንግሥቱ ቦምብ ነደደ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እዙ ፈረሰ፤ 50 ያህል ታንኮች ተማረኩ።

ይህን ሽንፈት «ቲ-55 አርጅቶ ነው» ብሎ ማስረዳት አዛዡን ማን እንደገደለው መርሳት ነው። ጦሩ የሚያምነው መሪ ተነጥቆ ነበር። የመሣሪያው ዕዳ ግን አልነደደም፤ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን እስክትሰርዝ ድረስ በሕዝቡ ስም ተመዝግቦ ቆየ።

ዕዳው በተሰረዘ በ10 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የኢትዮጵያ መንግሥት 200 ያህል ቲ-72 ታንኮች ከዩክሬን ለመግዛት ተዋዋለ። በዚህ ታንክ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ መድፉን የሚያጎርሰው መኪና ተተኳሾቹን ከአዛዡና ከተኳሹ ሥር በክብ ደርድሮ ይይዛል። ብረቱ ተበስቶ እነዚያ ከተቀጣጠሉ አናቱ ከነመድፉ ተነቅሎ ይወረወራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ቲ-72 ተሰልፏል። የተቃጠሉት ታንኮች ፎቶግራፍ እኛ ዘንድ ሲደርስ አንዱ ወገን አጨበጨበ፤ በሌላ ሳምንት ደግሞ ሌላው። ውስጥ ስለነበሩት ሦስት ልጆች የጠየቀ ሰው አልገጠመንም።