ባንዲራውን ያቆሙት ስድስት ሰዎች እነማን ነበሩ?

የካቲት 16 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945) የአሶሼትድ ፕሬስ ፎቶግራፍ አንሺ ጆ ሮዘንታል ጦርነት በሚናጣት የጃፓን ደሴት በኢዎ ጂማ፣ ሱሪባቺ ተራራ አናት ላይ ወጣ። የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ጠዋት የሰቀሉትን ትንሽ ባንዲራ አውርደው በትልቅ ሊተኩት ይሰናዱ ነበር። ስድስት ሰዎች ባንዲራው የታሰረበትን የውሃ ቧንቧ ተጋግዘው ሲያቆሙ ሮዘንታል አነሳቸው። የማንንም ስም ግን አልመዘገበም። ፊታቸውም በክንድና በብረት ቆብ ተከልሎ በደንብ አይታይም። እነዚህ ስድስት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ተጣርቶ እስኪያልቅ 74 ዓመታት ፈጀ።

ፎቶግራፉ በሁለት ቀን ውስጥ የአሜሪካ ጋዜጦችን የፊት ገጽ ያዘ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለጦርነት ቦንድ ሽያጭ ሕዝቡን እንዲቀሰቅሱ ፈለጉ። ስለዚህ ስም በአስቸኳይ ተፈለገ። ስም ዝርዝሩን ያስያዘው ባንዲራውን ይዞ ወደ ተራራው የወጣው መልእክተኛ ሬኔ ጋኞን ነው። ራሱን፣ ማይክል ስትራንክን፣ ፍራንክሊን ሱስሊን፣ ሄንሪ ሃንሰንን፣ የሕክምና ረዳቱን ጆን ብራድሊን፣ በመጨረሻም አይራ ሄይስን ጠራ። ስትራንክ፣ ሱስሊና ሃንሰን እዚያው ደሴት ላይ ወድቀዋል። የተረፉት ሦስቱ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሕዝብ ጀግና ሆኑ።

በቴክሳስ የሚኖሩት ወይዘሮ ቤል ብሎክ ግን ገና ፎቶግራፉን እንዳዩ፣ ቧንቧው ሥር አጎንብሶ ጀርባውን የሰጠው ወታደር በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሃርሎን መሆኑን ተናገሩ። ፊቱ ስለማይታይ ቤተሰባቸው እንኳ ለማመን ተቸገረ።

እናቲቱ ልክ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አይራ ሄይስ። ሄይስ የአሪዞና ፒማ ሕዝብ ተወላጅ ነው። ዋሽንግተን እንደደረሰ ለአንድ መኮንን “ይህ ሃንሰን አይደለም፣ ብሎክ ነው” ብሎ ቢያመለክት፣ ስሙ አንዴ ወጥቷልና ዝም በል ተባለ። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳው። እ.ኤ.አ. በ1946 ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ መኪና እየለመነ ከአሪዞና ቴክሳስ ድረስ ተጓዘና ለሃርሎን አባት እውነቱን በአካል ነገራቸው። ቤተሰቡ አቤቱታውን ለምክር ቤት ተወካያቸው አቀረበ። ምርመራ ተደረገና በ1947 መጀመሪያ በሃንሰን ቦታ ብሎክ ተተካ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1954 አርሊንግተን ውስጥ በፎቶግራፉ አምሳል ግዙፍ የነሐስ ሐውልት ቆመ። ቀራጩ ፊሊክስ ደ ዌልደን የሦስቱን በሕይወት የተረፉ ሰዎች ፊት በአካል እያየ ቀርጿል።

በ2014 ሁለት የታሪክ ወዳጆች፣ አንዱ አየርላንዳዊ ሌላው የአሜሪካዋ ኦማሃ ነዋሪ፣ በዚያን ቀን ተራራው ላይ የተነሱትን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርገው መረመሩ። የሁሉም የደንብ ልብስ አንድ ዓይነት ነው፤ አያያዙና አለባበሱ ግን እንደየሰዉ ይለያያል። ብራድሊ በሌሎቹ ፎቶግራፎች ላይ የሱሪውን ጫፍ ወደ ላይ አጥፎታል። ባንዲራውን ሲያቆም የሚታየውና ብራድሊ ነው የተባለው ሰው ሱሪ ግን አልታጠፈም። ይህ ሰው የጠመንጃ ጥይት የሚያዝበት ዝናር ታጥቋል፣ የሽቦ መቁረጫም አንጠልጥሏል፤ ብራድሊ ደግሞ የሕክምና ረዳት በመሆኑ ትጥቁ ሽጉጥ ነበር። ከብረት ቆቡ ሥር የኮፍያ ጥላ ብቅ ብሏል፤ ብራድሊ ግን በዚያን ቀን ኮፍያ አላደረገም።

ግኝቱ በኦማሃ ጋዜጣ ከታተመ በኋላ የማሪን ጦር አጣሪ ቡድን አቋቁሞ በ2016 ውጤቱን አስታወቀ። ብራድሊ ነው የተባለው ሱስሊ ነበር። ሱስሊ ነው የተባለው ደግሞ ከዚያ በፊት ስሙ ያልተጠራው ሃሮልድ ሹልዝ ሆኖ ተገኘ። እሱን የለዩት ከብረት ቆቡ የተንጠለጠለው ማሰሪያና ለየት ባለ አኳኋን የታሰረው የጠመንጃው ማንገቻ ናቸው። ሹልዝ ከጦርነቱ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ኖረና በ1995 አረፈ። አንድ ቀን እራት ላይ ለእንጀራ ልጁ ጣል ካደረገው ቃል በቀር ስለ ባንዲራው ተናግሮ አያውቅም።

ምርመራው በዚህ አላበቃም። ሮዘንታል አጠገብ ቆሞ በቀለም ፊልም የቀረጸው ማሪን ቢል ጀናውስት ከጥቂት ቀናት በኋላ እዚያው ደሴት ላይ ተሰውቷል፤ ፊልሙ ግን ተርፏል። ተመራማሪዎች ይህንን ፊልምና ሌሎች ፎቶግራፎችን ሲያነጻጽሩ፣ ከሱስሊ ኋላ ተከልሎ ቆሞ ጋኞን ነው ሲባል በኖረው ሰው ጣት ላይ የጋብቻ ቀለበት አዩ። ጋኞን ያኔ ገና አላገባም። ባለ ቀለበቱ የአዮዋ ተወላጁ ሃሮልድ ኬለር ነበር። የኤፍ ቢ አይ ባለሙያዎች ጭምር መርምረውት በ2019 የማሪን ጦር ስሙን አጸደቀ። ኬለር ግን ከ40 ዓመት በፊት፣ በ1979 አርፏል።

ከዚህ ተነስቶ ብራድሊንና ጋኞንን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ብራድሊ በመጀመሪያው ባንዲራ መስቀል ላይ ተሳትፏል፤ ቁስለኛ ለማዳን ራሱን ለጥይት በማጋለጡም የባሕር ኃይሉን መስቀል ተሸልሟል። ሁለተኛውን ባንዲራ ወደ ተራራው ያመጣው ጋኞን ነው። ጥፋቱ በጥድፊያ ስም መለጠፉና የዓይን ምስክሩን ሄይስን ዝም ማሰኘቱ ነው። እናቲቱና ሄይስ ገና ከጅምሩ እውነቱን ይዘው ነበር፤ የሌሎቹን ማንነት ግን ሱሪ፣ ዝናርና ቀለበት ናቸው የገለጡት።

በእኛም ቤት የአርበኞች፣ በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃና ከዚያም በኋላ የዘመቱ ወታደሮች ፎቶግራፎች አሉ። ብዙዎቹ ስም አልተጻፈባቸውም። አንባቢ ሆይ፣ ሰዎቹን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቃቸው። የነገሩህን ስም፣ ቦታና ዓመት ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ጻፍ፤ የነገረህን ሰው ስምም ጨምርበት። እርግጠኛ ካልሆንክ የሰው ስም አትለጥፍ።