በስማችን የተጠራው የቤዝቦል ቡድን

በሰመር እሑድ በዙሪክ በሽዋመንዲንገን በኩል ያለፈ ሐበሻ፣ በሄረንሹርሊ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው ኳስ የሚጠባበቁ ወጣቶችን አይቶ «የገና ጨዋታ በዚህ ሙቀት ከየት መጣ?» ቢል አይፈረድበትም። ጨዋታው ቤዝቦል ነው። ለብዙዎቻችን ባዕድ ይሁን እንጂ፣ በታሪኩ ውስጥ በአገራችን ስም የተጠራ ቡድን አለ፤ «ኢትዮጵያን ክላውንስ»፣ ማለትም «የኢትዮጵያ አስቂኞች»።

ቡድኑ የተቋቋመው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በማያሚ ከተማ ሲሆን ተጫዋቾቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ጥቁሮች ከነጮቹ ሊግ ስለታገዱ የራሳቸውን ሊጎች መሥርተው ነበር። ክላውንስ ግን ከሊግ ውጭ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ «ታርዛን»፣ «ዋሁ»፣ «ኢምፖ» በሚሉ የፈጠራ ስሞች እየተጠሩ ሕዝብ ያስቁ ነበር። «ኢትዮጵያን» የሚለው ቃል በአሜሪካ ለጥቁር ሁሉ መጠሪያ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ነጮች ጥላሸት ተቀብተው በጥቁሮች የሚሳለቁበት የመድረክ ጨዋታ እንኳ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በችሎታ ረገድ የክላውንስ ልጆች አይታሙም፤ በ1941 በስመ ጥሩው የዴንቨር ፖስት ውድድር አሸናፊ ሆነዋል።

ነገሩን መራራ የሚያደርገው ጊዜው ነው። በአሜሪካ ሜዳዎች በስማችን ሲሳቅ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና ንግግራቸውን ሳይጀምሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ከቀናት በኋላ ጉባኤው በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ስዊዘርላንድም ዓመቱ ሳያልቅ የኢጣልያን ወረራ በይፋ ተቀበለች።

ታዲያ ለስማችን ማን ተቆረቆረ? ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ናቸው። «ፒትስበርግ ኩሪየር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ በጦርነቱ ወቅት ጆኤል ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። የዚያው ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ ዌንደል ስሚዝ ደግሞ የክላውንስ ቀልድ ነጮች ስለ ጥቁር ያላቸውን ንቀት የሚያጸድቅ ነው ሲል አጥብቆ ነቀፈ። የቡድን ባለቤቶችም ተቃወሙ። በመጨረሻ ክላውንስ በ1943 ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ሲገባ «ኢትዮጵያን» የሚለውን ስም እንዲተውና ፊት መቀባቱ እንዲቀር ተገደደ። ቡድኑም «ሲንሲናቲ ክላውንስ»፣ ቆይቶም «ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ» ተባለ። በኋላ 755 ሆምረን የመታው ሃንክ አሮን በ1952 ሙያውን የጀመረው በዚሁ ቡድን ነው።

የአሜሪካ ቤዝቦል አስተዳደር ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁር ሊጎች ከነጮቹ እኩል መሆናቸውን ያመነው በዲሴምበር 2020 ነበር። በ2024 ደግሞ ውጤታቸው በይፋ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በነጮቹ ሊግ እንዳይጫወት ታግዶ የሞተው ጆሽ ጊብሰንም በአመታት ብልጫ የአንደኛነቱን ቦታ ያዘ። ክላውንስ ከ1943 እስከ 1948 በሊጉ ያደረጋቸው ጨዋታዎች በመዝገቡ ውስጥ ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ስም የተጫወታቸው ግን ከሊግ ውጭ ስለነበሩ አልተቆጠሩም።