ጦጣዋ የነካችውን አትረሳም

በአንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ አንዲት ጦጣ ተኝታለች። ፕሮግራመሮቹ «መንኪ» ይሏታል። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ኤዲቢ በሚባለው መሣሪያ በኩል አንድ መስመር ትእዛዝ ስትሰጡ ትነቃለች። ከዚያ ስክሪኑን ትነካለች፣ ትጎትታለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ድምፅ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ቁልፉ የት እንዳለና ምን እንደተጻፈበት አታይም። 500 ብትሏት 500፣ 50,000 ብትሏት 50,000 ጊዜ በዘፈቀደ ትነካካለች። አፑ ክራሽ ካደረገ ወይም ምላሽ መስጠት አቅቶት ከደረቀ ቆማ ትናገራለች። አሠራሯ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ከአንድሮይድ በፊት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአፕል ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ለማውጣት ሲጣደፉ፣ ማሽኑ የነበረው ሜሞሪ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ያ ጠባብ ቦታ ሲጨናነቅ ማክራይትና ማክፔይንት የተባሉት ፕሮግራሞች ምን እንደሚሆኑ ለማየት ከባለሙያዎቹ አንዱ ስቲቭ ካፕስ በማውስና በኪቦርድ ፈንታ የዘፈቀደ ክሊክና ፊደል የምትልክ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሟንም ጦጣ አላት። ችግሯ አንድ ነበር፤ ስትነካካ ቆይታ «ውጣ» የሚለውን ትእዛዝ ራሷ ትመርጥና ከፕሮግራሙ ትወጣለች። ባልደረባው ቢል አትኪንሰን በሲስተሙ ውስጥ «መንኪ ሊቭስ»፣ ማለትም «ጦጣዋ በሕይወት አለች»፣ የሚባል ምልክት እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ምልክቱ እስካለ ድረስ ፕሮግራሞቹ የመውጫውን ትእዛዝ አይሰሙም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለጦጣ ተብሎ በር ተዘጋላት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በሠራሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ የሰማሁት አንድ ንግግር አለ፦ «ጦጣ ያገኘችው ባግ ነው፣ ተዉት፤ በዘፈቀደ የመጣን ነገር ማን መልሶ ያመጣዋል?» ስህተት ነው። የጦጣዋ ዘፈቀደ እንደ እጣ ጨርቅ ውስጥ እጅ ከትቶ የሚወጣ አይደለም። ከአንድ ቁጥር ይነሳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሰላል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። መነሻውን ቁጥር ባለሙያዎቹ ዘር ይሉታል። ያው ዘር ከተሰጣት ጦጣዋ ያንኑ ንክኪ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ትደግማለች። የዘሩትን ማጨድ እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ዘር ካልሰጣችኋት ራሷ ትመርጣለች፤ ግን አትደብቀውም። አፑ ሲሞት የመጨረሻው መስመር ላይ ከስንት ክስተት በስንተኛው እንደሆነና ዘሩ ስንት እንደነበር ትጽፋለች። ሰዎች ግን ምን ያደርጋሉ? የስህተቱን ረጅም ዝርዝር ኮፒ አድርገው ለፕሮግራመሩ ይልኩና ያቺን አንዲት መስመር ትተው ዊንዶውን ይዘጋሉ። ከዚያ «አልደገመም» ይላሉ። እባካችሁ፣ ዘሩን ጻፉት።

እኔ ይህን የተማርኩት በጳጉሜ ነው። የእቁብ ተራ የሚመዘግብ አፕ እንሠራ ነበር፤ ቀን የሚመረጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው በሚሽከረከሩበት መምረጫ ነው። ሁላችንም በእጃችን ሞክረነው ነበር፤ ሁላችንም የመረጥነው የልደታችንን ቀን ወይም የዛሬን ነው። አንድ ማታ ጦጣዋን መጎተት እንድታበዛ አድርጌ፣ 5,000 ክስተት ሰጥቻት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ በ2,318ኛው ላይ ቆማለች።

በዚያው ዘር ደገምኳት፤ አፑ ምንም አልሆነም። ልቤ ወደዚያ የቢሮ ንግግር ሊያዘነብል ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘሩ የሚደግመው የጦጣዋን እጅ ነው፤ አፑ የነበረበትን ሁኔታ አይመልስም። ከማታው የተረፈ ዳታ ስልኩ ውስጥ ስለነበረ መጀመሪያ የተከፈተው ገጽ ሌላ ነበር፤ ንክኪውም ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዳታውን አጥፍቼ፣ በዚያው ስልክ፣ በንክኪዎቹ መካከል ያንኑ ያህል ፋታ ሰጥቼ አስኬድኳት። በ2,318ኛው ሞተ። ደገምኩት፤ አሁንም ሞተ።

ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ሳይ ጦጣዋ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መርጣለች። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት፤ ቀኑ ትክክል ነው። ቀጥላ ዓመቱን ብቻ አንድ ወደፊት ጎተተችው። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜ አምስት ናት። አፑ የሌለ ቀን ይዞ ወደቀ። ወር ሲቀየር ቀኑ እንዲስተካከል ጽፈን ነበር፤ ዓመት ሲቀየር ግን ረስተነዋል። የዘመን መለወጫ ሰሞን እቁብ የሚጀምር ሰው ይህን መንገድ አይሄድም ያለው ማነው?

ጦጣዋን የሚንቁ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ጥናት ቢያዩ ደስ ይለኛል። ተመራማሪዎች በጥበብ የተሠሩ የአንድሮይድ መፈተሻዎችን ከእሷ ጋር በ68 አፖች ላይ አወዳድረው፣ በአማካይ ከሁሉም የበለጠውን የኮድ ክፍል የነካችው እሷ ሆና አገኟት።

የማትችለውም አለ። የይለፍ ቃል ገምታ አትገባም፤ እናንተው አስገቧት። የውጤቱን ትክክለኛነትም አትፈርድም፤ የእቁቡ ድምር ቢሳሳት ዝም ብላ ታልፋለች። በገዛ ስልካችሁ ላይ፣ የአፑን ስም ሳትነግሯት ብትለቋት ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ስልክ ልትደውል፣ ፎቶ ልታጠፋ ትችላለች። ትርፍ ስልክ ፈልጉ፣ ሲም ካርዱን አውጡ፣ ካልሆነም ኢሙሌተር ተጠቀሙ። የአፑን ስም ብትነግሯትም የላይኛውን መጋረጃ ጎትታ ዋይፋዩን ልታጠፋው ትችላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ገጽ ስትነካካ እንዳታድር ስክሪኑን አፑ ላይ ቆልፉት።

ባጉን ያስተካከልነው በሁለት መስመር ኮድ ነው። ማታ ዳታውን አጥፍቼ፣ ከደብተሬ ላይ ያንኑ ዘር ጽፌ ለቀቅኳት። ጳጉሜ 6ን መረጠች፣ ዓመቱን ጎተተች፤ ቀኑ ራሱ ወደ 5 ወረደ። 2,318ን አልፋ 5,000 ጨረሰች።