የአሮጌው ጃጓር ሞተርና የቫልቮቹ ሰዓት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጃጓር ኩባንያ ኤክስኬ 120 ከተባለችው የስፖርት መኪና ጋራ በለንደን ትርኢት ላይ የገለጠው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፥ እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ከመሠራቱም በላይ በለ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም አምስት ጊዜ ድል ያስገኘ ስለ ሆነ፥ ዛሬም የአሮጌ መኪና ወዳጆች ፈታተው እንደ ገና የሚያቆሙት ሞተር ነው። በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ሁለት ካምሻፍቶች ተጋድመዋል፤ አንደኛው የመግቢያውን፥ ሁለተኛው የመውጫውን ቫልቮች ያዝዛል፤ ሁለቱም ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ዙር ብቻ ይዞራሉ።

የመግቢያው ቫልቭ ፒስተኑ መውረድ ሲጀምር ይከፈታል፥ መውረዱን ሲፈጽም ይዘጋል ብሎ ማሰብ ለጀማሪ የሚቀል ቢሆንም፥ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያዘው ሌላ ነው። ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሊደርስ 15 ዲግሪ ሲቀረው ቫልቩ ይከፈታል፤ ፒስተኑ ከታችኛው ጫፍ ተመልሶ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ በኋላም ክራንክሻፍቱ 57 ዲግሪ እስኪዞር ድረስ አይዘጋም። አየር ለዓይን ረቂቅ ቢሆንም በግብሩ ክብደት ያለው አካል ነውና፥ አንድ ጊዜ ከሮጠ በኋላ ፒስተኑ ቢመለስበትም እንኳ በግስጋሴው ኃይል ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን አይተውም። የመውጫው ቫልቭ ደግሞ ከላይኛው ጫፍ 15 ዲግሪ አልፎ ስለሚዘጋ፥ ካህኑ ዜማውን ሳይፈጽም ሕዝቡ ተሰጥኦውን እንደሚያነሣ፥ ለ30 ዲግሪ ያህል ሁለቱም በአንድነት ተከፍተው ይቆያሉ።

በአሮጌ ሞተር ላይ ይህ ሥርዓት ይፋለሳል። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ካቴና በዘመን ብዛት ሲረዝም፥ ወይም ቴስታታው ተልጎ ወደ ክራንክሻፍቱ ሲቀርብ፥ ካምሻፍቶቹ ወደ ኋላ ይዘገያሉ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የአሮጌውን ሞተር ምልክት ብቻ አምኖ ካምሻፍቶቹን መግጠም ስንፍና ነው።

በትክክል ለመግጠም መጀመሪያ የፊተኛው ፒስተን (ጃጓር በዚህ ሞተር ላይ ሲሊንደሮቹን ከኋላ ስለ ቈጠረ ስሙ ስድስተኛ ነው) በእሳት ጊዜው ከላይኛው ጫፍ እንዲደርስ ይደረጋል። ፒስተኑ በዚያ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ስለሚመስል፥ ብልህ መካኒክ ከጫፉ በፊትና በኋላ እኩል ዝቅ ያለባቸውን ሁለት ነጥቦች እንደ ሰዓት ጠቋሚ ባለው መለኪያ አንብቦ መካከሉን ይወስዳል። ከዚያ በካምሻፍቱ ፊት ካለው ጠባብ ቦይ ለዚሁ የተሠራችውን ትንሽ የብረት መለኪያ ያስገባል፤ በካቴናው ጥርሳማ መንኮራኩር ላይ ባለው ባለ ጥቃቅን ጥርስ ማስተካከያ ሳሕንም የብሎኑን ቀዳዳዎች ያገጣጥማል። ቀዳዳዎቹ አልገጥም ቢሉ ሳሕኑን ግማሽ ዙር አዙሮ መሞከር ነው፤ ሠሪዎቹ ይህንኑ አስበው አበጅተውታልና። ቴስታታው ከተገጠመ በኋላ ግን አንዱን ካምሻፍት ለብቻው ማዞር እጅግ አደገኛ ነው፤ የመግቢያውና የመውጫው ቫልቮች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ይታጠፋሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሁሉ ከታሰረ በኋላ ቁልፉን ለማዞር አይቸኩሉ፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ካዞሩ በኋላ መለኪያዋን እንደ ገና ያስገቡ፤ ካልገባች ሥራው አላለቀም።