ጠብታው ከወዴት መጣ?

ከወዳጆቼ አንዱ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ከደመወዙ እየቆጠበ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዲት አሮጌ ቮልስ ገዛ። መኪናዪቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተሠራች፣ ሞተሯ 1200 የሚባለው፣ ዕድሜዋም ከባለቤቷ ዕድሜ በእጥፍ የሚበልጥ ነበረች። የገዛት ለመንሸራሸር ብቻ አልነበረም። እናቱ ደሴ ይኖራሉ፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው በአውቶቡስ ተጨናንቀው መምጣት አይሆንላቸውም። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊያመጣቸው ቃል ገብቶ ነበር።

ሊነሣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጧት መኪናዋን ከግቢ ሲያወጣ፣ በሲሚንቶው ላይ የመዳፍ ያህል የሚሰፋ የዘይት ነጥብ አየ። ወዲያው ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ነካ አደረገና «ካምቢዮው ነው የሚያፈሰው፤ ወርዶ መፈታት አለበት» አለው። የተጠየቀው ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዙ በላይ ሆነ። ወዳጄም ገንዘቡን እስኪያገኝ ድረስ ለጊዜው ዘይቱን ብቻ እንዲሞሉለት ለመናቸው። እነርሱም መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ሞሉለት። ነገር ግን ጠብታው በመቀነስ ፈንታ ባሰበት፤ በአንድ ቦታ የነበረው በሁለት ቦታ ይታይ ጀመር።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ቡና ስንጠጣ ነው። በመካከሉም «ደግሞ ሰሞኑን ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስባለች» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔም እንደ ቀላል ሰማሁት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ሽማግሌው ነገሩን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ዘይቱ የወደቀበትን ነግረኸኛል፤ የወጣበትን ግን መች አየኸው?» አሉት።

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከመኪና ሥር የሚፈስ ዘይት እንደ ዝናብ በቀጥታ አይወርድም። ከወጣበት ቀዳዳ ተነሥቶ የብረቱን ገላ ይከተላል፤ መኪናዋ ስትሮጥም ነፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ በመጨረሻም ዝቅ ያለ ጫፍ ሲያገኝ ከዚያ ይንጠባጠባል። ስለዚህ እርጥቡን ሁሉ አይቶ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ከእርጥቡ ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለውንና ከሁሉ ወደ ፊት የቀረበውን መፈለግ ይገባል። አቧራና ዘይት ለዓመታት ተደራርበው እንደ ሊጥ በጋገሩት ካምቢዮ ላይ ግን ይህን ለይቶ ለማወቅ የሚችል ዓይን የለም።

ሽማግሌውም ፍርዱን ትተው ማጠብ ጀመሩ። ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ ይዘው ካምቢዮውንና የሞተሩን ሆድ ብረቱ እስኪታይ ድረስ አጠቡ፤ በጨርቅም አደረቁ። ከዚያም ለሕፃናት ገላ የሚነሰነሰውን ነጭ ዱቄት አምጥተው በተጠረጠሩት መገጣጠሚያዎች ላይ በተኑበት፤ ዱቄቱ ላይ የዘይት መስመር ሲወጣ ምንጩን ያሳያልና። «በል እንግዲህ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ተመለስ፤ ሌሊቱን ከሥሯ ጋዜጣ ዘርጋ፤ የጎማዎቹን ቦታ በጋዜጣው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ» አሉት። (ለዚህ አገልግሎት ያለፈው እሑድ ገጽ እንደሚበቃ እኛም እናምናለን።)

ወረቀቱ በማግስቱ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ጠብታ ነበረበት። አንዱ ከሞተሩ በታች፣ ጥቁርና ቀጭን፤ ሁለተኛው ከቀኙ የኋላ ጎማ በስተ ውስጥ፣ ወፍራምና የማር መልክ ያለው። ሽማግሌው ሁለቱንም በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ለወዳጄም አሸተቱት። ሁለተኛው ክብሪት ሲጫር የሚሸተውን የድኝ ጠረን የያዘ ነበር።

የካምቢዮ ዘይት እንዲህ የሚሸተው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥርሶቹ መፋተግ ከባድ ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ከብረቱ ላይ ተገፍቶ እንዳያልቅ ድኝ ያለበት ቅመም ይጨመርበታል። የሞተር ዘይት ግን ቀጠን ያለ ነው፤ ጥቂት ከሠራም በኋላ በጭስ ጥላሸት ይጠቁራል። በቮልስ ሥር ደግሞ የሚጠረጠር ውሃ የለም፤ ሞተሯ በነፋስ ይቀዘቅዛልና። ፍሪሲዮኗም በገመድ እንጂ በፈሳሽ አይሠራም። ስለዚህ ምርመራው ከሌሎች መኪናዎች ይልቅ ይቀላል፤ ጥቁሩ የሞተሩ፣ የማር መልክ ያለው የካምቢዮው ነው። የፍሬን ዘይት ብቻ ሌላ ነው፤ እርሱ ግን እንደ ውሃ የሳሳ ስለ ሆነ አያሳስትም።

ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ኃይል እንደ መንገዱ ሁኔታ የሚያመዛዝን የባለ ጥርስ መዘውሮች ሣጥን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በቮልስ ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ የሚታጠቡትም በአንድ ዘይት ነው። ዘይቱ ሲቀየር 2 ሊትር ተኩል ያህል ይገባል። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎች በቧንቧ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ያው የካምቢዮ ዘይት በቧንቧው ሄዶ የኋላ ጎማዎቹን ኩሺኔታ ያለሰልሳል። (ይህ የአሮጌዎቹ አሠራር ነው፤ ኋላ የመጡት ቮልሶች በዚህ ረገድ ይለያሉ።) እንግዲህ ከካምቢዮው የጎደለ ዘይት የግድ ከካምቢዮው ሥር አይገኝም፤ ርቆ ከጎማው ሥር ሊገኝ ይችላል። ዘይቱን የሚያነሣ ፓምፕም የለም። መዘውሮቹ ራሳቸው ጠልቀው እየዘፈቁ ወደ ላይ ይረጩታል። መጠኑ ሲጎድል የላይኛዎቹ ይደርቃሉ፤ ኩሺኔታው ማጓራት ይጀምራል፤ ሲብስም ጥርስ ይበላል።

ሽማግሌው ቀጥለው በግራ ጎን ያለውን የመሙያ ታፖ በ17 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ፈቱት። እዚህ ላይ አንድ ምክር ሰጡን፤ ለሁሉም ዓይነት ካምቢዮ የሚሠራ ነውና እጽፈዋለሁ። ምን ጊዜም ዘይት ለመቀየር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ታፖ ነው፤ የማፍሰሻው አይደለም። ማፍሰሻውን ከፍቶ ዘይቱን ከጨረሰ በኋላ መሙያው ዝጎ እንቢ ያለው ሰው፣ መኪናውን በገመድ ከማስጎተት በቀር መድኃኒት የለውም።

መኪናዋ በደልዳላ መሬት ላይ ስትቆም ዘይቱ የመሙያውን ቀዳዳ የታችኛውን ከንፈር ነክቶ መቆም አለበት። በዚህች ቮልስ ግን ታፖው ገና ሳይወልቅ ዘይቱ እየጎረፈ ወጣ፤ ከአንድ ብርጭቆ በላይ ሆነ። ሽማግሌው ሣቁና ወዳጄን «ሲሞሉልህ በየት በኩል አነሷት?» ብለው ጠየቁት። በግራ ጎኗ ነበር።

ነገሩ በዚህ ተገለጠ። መሙያው በግራ ስለሚገኝ ለእጃቸው እንዲመች ግራዋን አነሡ። ዘይቱም ቁልቁል ወደ ቀኝ፣ በቧንቧው ውስጥ ወደ ቀኙ ጎማ ሸሸ። ቀዳዳው ጋ ስላልደረሰ ጎደለ መሰላቸውና ደገሙበት። መኪናዋ ስትወርድ የተረፈው ዘይት መሄጃ አጣ፤ በቀኙ ጎማ በኩል ያለውን ያረጀ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት) ገፍቶ ወጣ። መጀመሪያ በሲሚንቶው ላይ የታየው ነጥብ ግን የሞተሩ ጥቁር ዘይት ነበር፤ ከካምቢዮው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። መውረድ አለበት የተባለው ካምቢዮ ጤነኛ ነበር።

ጎማው ሲወልቅና የፍሬኑ ታምቡር ሲከፈት ሦስታችንም ዝም አልን። የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሶ ያብረቀርቅ ነበር። ፋብሪካው ዘይቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ መንገድ ቢያበጅለትም፣ ሲበዛ ወደ ሸራው ማለፉ አይቀርም። ዘይት የነካው ሸራ አይዝም፤ ስለዚህ የግራው ብቻ እየያዘ መኪናዋ ወደ ግራ ትስብ ነበር። ወዳጄ ወደ ደሴ ሲሄድ ከጣርማ በር፣ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ቦታ፣ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በዚህ ፍሬን ሊወርደው ነበር። ሲመለስም እናቱን ይዞ።

ጥገናው ግማሽ ቀን ወሰደ። በዘንጉ ጫፍ ያለው የ36 ሚሊሜትር ዳዶ የሚላላው መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች ነው፤ በክሪክ ከተነሣች በኋላ መታገል ከላይ መጣል ነው። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ደግሞ ማንም መግባት የለበትም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባላት። ከዚያ ታምቡሩ ወጣ፣ የኩሺኔታው ክዳን አራት ብሎኖች ተፈቱ፣ ያረጀው ፓራኦሊዮ ወለቀ። እንደ ቀንድ ደርቆ ነበር። ሽማግሌው ግን አዲሱን ወዲያው አልገጠሙም። ፓራኦሊዮው የሚቀመጥበትን፣ በዘንጉ ላይ የሚጠለቀውን የብረት ቀለበት በጥፍራቸው ዳሰሱና ወዳጄን አስዳሰሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ተቆፍሮበታል። አዲስ ጎማ በተቦረቦረ ብረት ላይ ቢገጠም ወር ሳይሞላው ያፈሳል። ብዙ ሰው «ቀይሬው ነበር፤ ግን እንደገና ጀመረ» የሚለው ስለዚህ ነው። ቀለበቱም፣ ከእርሱ ጋር ያሉት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶችና ጓርኒሲዮኑም አብረው ተቀየሩ።

የፍሬኑን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ይቻል እንደ ሆነ ወዳጄ ጠየቀ፤ ገንዘቡ እያጠረው ነበርና። ሽማግሌው እንቢ አሉ። የጠጣውን ዘይት ሲግል መልሶ ያወጣዋል። አዲስም ሲገባ በቀኝም በግራም መሆን አለበት፤ አለዚያ መሳቡ አይቀርም። ዳዶው በመጨረሻ የሚጠብቀው አንድ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ጫፍ 30 ኪሎ ቢንጠለጠል በሚሆነው ኃይል ነው። የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

ምናልባት የሌላ አንባቢ ቮልስ የምታፈሰው በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ይሆናል። ያ ከባዱ ነው። እዚያ ሁለት ፓራኦሊዮዎች ፊት ለፊት ይገኛሉ፤ አንዱ የሞተሩ፣ አንዱ የካምቢዮው። ከሁለቱ ማንኛውም ቢያፈስ በዚያው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፤ የፍሪሲዮኑንም ሸራ ያበላሻል። ምልክቱ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አለመፍጠኗ ነው። ሞተሩ በአራት ብሎን ብቻ ስለ ተያዘ ይወርዳል፤ ከወረደ ዘንድ ሁለቱንም መቀየር ብልህነት ነው። የሞተሩ ዋና ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተትም ይለካ። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው ከዚያ ካለፈ፣ አዲሱም ፓራኦሊዮ አይበረክትም።

ቮልስ የሌለውም ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ። ሞተራቸውም የሚነዳው ጎማም በፊት በሆኑ መኪናዎች ካምቢዮው ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ሁለቱ የጎማ ዘንጎች በሚገቡበት በኩል ነው። በፒክአፕ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ የሚወጣበትን ጫፍ ማየት ነው። ዘይቱን በተመለከተ የመኪናውን መጽሐፍ መከተል ይበጃል፤ ከዘመናዊዎቹ አንዳንዶቹ ቀጭን ዘይት ስለሚጠቀሙ በሽታ ብቻ አይለዩም። ለአሮጌዋ ቮልስ ጂ.ኤል. 4 የሚባለው ደረጃ ይስማማታል። «ቁጥሩ ስለሚበልጥ ይሻላል» ብሎ ጂ.ኤል. 5 መሙላት በማርሽ መለወጫው ላይ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ሲሞላም ቀስ ተብሎ ነው፤ ወፍራም ስለ ሆነ ቶሎ ቢጨመርበት ሳይሞላ የሞላ መስሎ ይፈስሳል። 2 ሊትር አግብቶ ጥቂት መቆየት፣ የቀረውን ከዚያ መጨመር ይገባል፤ መኪናዋ በደልዳላ መሬት ላይ ሆና!

ከሞተሩ ሥር ያለችውን ጥቁር ጠብታ ሽማግሌው አልነኳትም። ወዳጄ ቢጠይቃቸው፣ ለመጠገን ሞተሩን ማውረድ እንደሚያስፈልግ፣ በየሳምንቱ መጠኑን እየለካ የጎደለውን ቢሞላ ግን ለጊዜው እንደማይከፋ ነገሩት። ይህች ዓይነት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከተማ መሠራቷ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ሽማግሌው ግን አንዲት ጠብታ የማትጥል አሮጌ ቮልስ ካገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ዘይት እንዳላት ነው።

ወዳጄ ደሴ ደርሶ እናቱን ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ቤቱ ስሄድ መኪናዋ ከጋዜጣ ላይ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀኙ ጎማ በኩል ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ከሞተሩ ሥር ያችው ጥቁር ጠብታ አለች።