ደለል መጨመርና የጨዋማ ረግረግ አፈር

ጨዋማ ረግረግ የባሕር ውሃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሸፍነው ሣራማ ዳርቻ ነው። በአሜሪካ፣ ሉዊዚያና ግዛት፣ ሚሲሲፒ ወንዝ በአፈር ክምር ስለታጠረ ደለሉ ረግረጉን መመገብ አቁሟል፤ መሬቱም ይሰምጣል። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች ከ1932 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ4,800 ስኩዌር ኪ.ሜ. በላይ የባሕር ዳርቻ መሬት ውሃ ሆኗል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ከመርከብ መተላለፊያ የተቆፈረ ደለልን በውሃ አቅጥኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሴ.ሜ. ባልበለጠ ውፍረት፣ ረግረጉ ላይ መርጨት ነው።

ጭድ የግድግዳ ጭቃን እንደሚያያይዝ ሁሉ ይህን አፈር የሚያያይዙት የሣሩ ሥሮች ናቸው። መሬቱ ሲሰምጥ አፈሩ ኦክስጅን ያጣል፣ መርዛማ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጠራቀማል፣ ሥሮቹ ይሞታሉ፣ ጭቃውም ይላላል። ደለል ሲጨመር ከፍታው ስለሚመለስ አየር ይገባል፤ ሣሩም አዲስ ሥር ያወጣል።

ዋናው ጉዳይ ውፍረቱ ነው። ደለሉ ከሳሳ ጥቅሙ ቶሎ ያልቃል፤ ከበዛ ደግሞ ሣሩ ታፍኖ ይሞታል። የአፈሩ ጥንካሬ የሚለካው ባለ ክንፍ ዘንግ አስገብቶ ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገውን ኃይል በማየት ነው። ቁጥሩ ግን ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፦ አሸዋማ ደለል ሥር ሳይኖረውም ጠንካራ ሆኖ ሊለካ ይችላል፣ ማዕበል ሲመጣ ግን በቀላሉ ይታጠባል። ስለዚህ ከልኬቱ ጋር አፈር በቱቦ ወጥቶ በውስጡ ያለው ሥር ታጥቦ ይመዘናል።